ከተካ ሰምተው ከበረከት የገዙ

የተካን ሞት የነገረችኝ የልብስ ደንበኛዬ ናት። ቀሚሷን ልትለካ መጥታ፣ እኔ መርፌ በአፌ ይዤ ወገቧን ሳጠብ፣ «ያ ጎረቤትሽ የነበረው የኢርፎን ሰውዬ ቤሌ ገበያ ላይ ወድቆ አረፈ አሉ፤ አልሰማሽም እንዴ?» አለችኝ። ልክ ሽንኩርት ጨመረ እንደሚባለው አድርጋ ነው ያወራችው። መርፌዎቹን ከአፌ አወጣሁና «አውልቂው፤ ነገ ትመጫለሽ» አልኳት። ቅር ብሏት ሄደች። ይበላት። ስሙን ካጠፉት አንዷ እሷ ነበረች።

እኔ አስቴር እባላለሁ፤ ሶዶ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ካሉት ሱቆች በአንዱ ልብስ እሰፋለሁ። የተካን ሱቅ ከእኔ ሱቅ የሚለየው አንድ የቺፕውድ ግድግዳ ነበር። እሱ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው ከስፌት መኪናዬ ሳልነሳ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ይሸጥ ነበር፤ ኢርፎን፣ ሄድፎን፣ ገመድ ያለውን፣ ገመድ የሌለውን። ቻርጀርና የስልክ ሽፋንም ነበረው፤ ግን እነሱን የሚሸጠው ግዴታውን እንደሚወጣ ሰው ነው። ልቡ ያለው ከሚሰማው ዕቃ ላይ ነበር።

አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የከተሙ የብትን ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ተካ ግን እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ አድጎ፣ ወላይትኛውን ከእኔ አሳምሮ ይናገራል። «እናንተ ባለቤቶቹ ትቸኩላላችሁ፤ ቋንቋ በእርጋታ ነው የሚበላው» እያለ ያበሽቀኝ ነበር። ለመስቀል ዘመዶቹ ሁሉ አገር ቤት ሲሄዱ እሱ ይቀራል፤ መስቀል ማለት ለኛ ለወላይታዎች ጊፋታ፣ የዘመን መለወጫችን፣ ለነጋዴ ደግሞ የዓመቱ ገበያ ነውና። ወጣቱ አዲስ ልብስ ከእኔ፣ አዲስ ኢርፎን ከተካ ይገዛል።

የተካ አሠራር የሚገርም ነበር። ሳይሰማ የሚገዛ ሰው አይወድም፤ እንዲያውም አይሸጥለትም። ጠረጴዛው ላይ ለመሞከሪያ ብቻ የተለዩ፣ ከርካሹ እስከ ደህናው የተደረደሩ ማዳመጫዎች አሉት። ጥጥ በአልኮል ነክሮ ይወለውላቸዋል፤ ደንበኛው እያየ ነው የሚወለውለው። ከዚያ ከስልኩ ላይ አንድ ቅጂ ይከፍታል። አንድ ጊዜ በጊፋታ ጎረቤቱ ግቢው ተሰብስቦ ሲዘፍን ራሱ የቀዳው ነው። ሰዎች ያጨበጭባሉ፣ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ከሁሉም ኋላ ግን አንዲት ሴት ዘግይታ ትገባለች። ሚስቱ ዘነበች ናት።

«ከኋላ የምትዘገየውን ሴት ሰማሃት?» ይላል።

አንዳንዱ እንዳያፍር ብሎ «አዎ» ይላል።

«ስትገባ ሳቀች ወይስ አልሳቀችም?»

እዚህ ላይ ዋሾው ይያዛል። ተካ አይቆጣም፤ ሌላ ማዳመጫ ያነሳል። በርካሹ ሲሰማ ጭብጨባው ሁሉ ቆርቆሮ ላይ የወረደ ዝናብ ነው፤ ሰው ከሰው አይለይም። ትንሽ ከፍ ባለው የእያንዳንዱ እጅ ለየብቻው ይመጣል። ከዚያ ደግሞ ያ የሚያብረቀርቀውና ቤዙ ጭንቅላት የሚነቀንቀው አለ። ወጣቱ የሚወደው እሱን ነው። በእሱ ሲሰማ ከበሮው ቤቱን ሞልቶ ዘነበችን ይውጣታል።

«ቤዝ በርበሬ ነው» ይል ነበር ተካ። «ወጡ ካልበሰለ በርበሬ ያበዙበታል።»

ዘነበችን ያሰማህ ማዳመጫ ላይ ከደረስህ ደግሞ ያስቆምሃል። ከዚያ በላይ ያለውን ውድ ዕቃ ጠይቀኸውም አያወጣልህም። «ሰማሃት አይደል? በቃህ። ከዚህ በላይ የምትከፍለው ለካርቶኑ ነው» ይላል። እኔ ከቺፕውዱ ማዶ ሆኜ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጆች የሉህም እንዴ?» እላለሁ። ይስቃል።

ለሰው እንደየኑሮው ነበር የሚመርጥለት። አንድ ቀን አንድ የባጃጅ ሹፌር ሞተሩን ሳያጠፋ ዘው ብሎ ገባ።

«ጋሼ፣ ያቺ ጎማ ያለችውን ስጠኝ። የውጭ ድምፅ አታስገባም አሉኝ።»

«ለዚያ ነው የማልሰጥህ። የጭነት መኪና ጥሩምባ ሳትሰማ ቀርተህ ቢወስድህ ዘፈኑን ማን ይጨርስልሃል?»

«እና ምን ይሻላል ጋሼ?»

ጠንካራ ፕላስቲክ የሆነውን፣ ጆሮን የማይደፍነውን ተራ ኢርፎን ሰጠው። «ይሄ ድምፁ ከሲታ ነው፤ ግን መንገዱንም ያሰማሃል። ሲመሽ ቤትህ የምትሰማበት ሌላ ከፈለግህ ያኔ ጎማ ያለውን እናያለን።» ገመድ የሌለውን ለሚፈልጉ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚጠይቃቸው ሰፈራቸው መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ነው። «ደግሞ ጥንድ ናት፤ አንዷ ከኪስህ ስትወድቅ ሌላዋ መበለት ናት» ይላቸዋል። ሹሩባ ለተሠራች ሴት ከላይ የሚደፋውን ሄድፎን አይሸጥም፤ ራሷን ያማታል። ጆሮው ውስጥ ዕቃ ማስገባት ለማይችል ግን እሱኑ ይሰጣል፤ «ለቤት እንዲህ ያለ የለም፤ ፀሐይ ላይ ግን ጆሮህን ይቀቅልልሃል» ብሎ አስጠንቅቆ። የሸጠውን ሁሉ ገመዱ ከመሰኪያው የሚገናኝበትን አንገት ከእኔ በወሰደው ቀይ ክር ይጠመጥምለታል፤ መጀመሪያ የሚበጠሰው እዚያ ጋ ነው። ኦርጅናል ያልሆነውንም «ኦርጅናል አይደለም፤ ግን ደህና ነው» ብሎ ይሸጣል። እንዲህ ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ በዚህ መንገድ ላይ ሌላ አላየሁም።

ታዲያ ሶዶ ምን አደረገች? ከተካ ሰምታ ከበረከት ገዛች።

በረከት የቦዲቲ ልጅ ነው። ሶዶ ሲመጣ ዕቃውን በአንገቱ ባንጠለጠላት ሰሌዳ ላይ ይዞ የሚዞር ጎረምሳ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ተካ በረንዳው ላይ ያስጠልለዋል፤ እያደርም ጥግ ሰጠው። የትኛው ዕቃ ቶሎ እንደሚሞት፣ የትኛው እንደሚከርም ያስተማረው ተካ ነው። በኋላ በረከት ከመንገዱ ማዶ የራሱን ሱቅ ከፈተ። አይከፋም፤ ሰው ያድጋል። ተካም ደስ ብሎት የምረቃ ዳቦ ይዞ ሄዷል። ከዚያ ወዲያ ግን ሰዉ መንገዱን ተማረ። ተካ ጋ ገብቶ ግማሽ ቀን ይሰማል፣ ይመርጣል፣ የዕቃውን ስም ይይዛል፣ ከዚያ «እስቲ ተመልሼ እመጣለሁ» ብሎ ተሻግሮ፣ ያንኑ የሚመስለውን ፎርጅድ ከበረከት ረከስ አድርጎ ይገዛል። እኔ ከመኪናዬ ላይ ሆኜ ሲሻገሩ አያቸዋለሁ። ደሜ ይፈላል።

«ምናለ ለመስማት እንኳ ብታስከፍላቸው?» አልኩት።

«ለመስማት?» አለኝ፤ ያልኩት የምር አልገባውም።

የተካ የመጨረሻው ጊፋታ ሲቃረብ በረከት ድምፅ ማጉያ በሩ ላይ ሰቀለ። በዚያው ሰሞን ከታች ያለው ፀጉር ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ ጆሮዋ መግል ያዘ። ተካ ጋ ኢርፎን ሞክራ ነበር፤ እውነት ነው። ጆሮዋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እየተመላለሰ የሚያማት መሆኑንም እናቷ ራሷ ነግራኛለች፤ ይሄም እውነት ነው። ግን ማን ይሄን ይሰማል? በረከት የተካን ስም አንድም ቀን አልጠራም፤ ጮሌ ነው። ማጉያው ብቻ ከጠዋት እስከ ማታ «እሽግ ነው! የሰው ጆሮ ያልገባ! ለጤናዎ ያስቡ!» ይላል። የቀረውን ሰዉ ራሱ ሞላው። ባጃጅ ውስጥ ወሬው «የኢርፎን በሽታ» የሚል ስም ወጣለት። ልጆች በተካ በር ሲያልፉ ጆሯቸውን በእጃቸው ይይዛሉ።

ተካ ለወሬ መድኃኒቱን አያውቅም ነበር። ሌላው ቢሆን ይሰዳደባል፣ ወይ አፉን ይዞ ቀኑን ያሳልፋል። እሱ ግን ገበያ በደመቀበት ቅዳሜ ጠረጴዛውን መንገድ ላይ አወጣ። የመሞከሪያዎቹን ማዳመጫዎች ሁሉ ደርድሮ፣ ሰዉ እያየ፣ ሁሉንም በየተራ ጆሮው ውስጥ ከተታቸው። «ይኸው! በሽታ ካለ እኔን ይያዘኝ!» አለ። ዙሪያውን የቆመው ሰው ሳቀ፤ በስልክ ቀረጸው። እኔ አልሳቅሁም። ሰው ንጹሕ መሆኑን መንገድ ላይ ወጥቶ ማስረዳት ከጀመረ አልቆለታል።

ደግሞ እንዳይሆን ሆነና ከቀናት በኋላ ጆሮውን ታመመ። ሰሞኑን ዝናብ ነበር፤ ሐኪሙ ብርድ ነው፣ በጠብታ ይድናል ብሎታል። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ጆሮው ውስጥ ነጭ ጥጥ አየሁ። መቀሴን ወርውሬ ሄድኩ።

«ተካ፣ ያንን ጥጥ አውጣው!»

«ያመኛል አስቱ።»

«እንግዲያው ቤትህ ተኛ። ካልሆነም ኮፍያ ልስፋልህ፤ ሸፍነው። ማዶ ያለው ሰውዬ እያየህ ነው!»

«ደንበኛ መጥቶ ጆሮህን ምን ሆነህ ነው ካለኝ አሞኛል ነው የምለው። ያመመኝን ደብቄ ሰው ጆሮ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ልሽጥ?»

«ሞኝ ነህ!» አልኩት። ከልቤ ነው። አሁንም ሞኝ ነበር እላለሁ። ግን እንደሱ ያለ ሞኝ ሶዶ ላይ ሌላ አላገኘሁም።

ጥጡን የማንም ዓይን አላለፈውም። በሳምንቱ ውስጥ ያ ሱቅ ዝንብ እንኳ የማይገባበት ሆነ። ለጊፋታ ብሎ ያስመጣው ዕቃ በየካርቶኑ ተቆልሎ ቀረ። በበዓሉ ዋዜማ፣ እኔ ለመተንፈሻ እንኳ ጊዜ ሳይኖረኝ፣ ከቺፕውዱ ማዶ የሚሰማው የእሱ ወንበር መንቋቋት ብቻ ነበር። ዘነበች ዳጣና ሥጋ በሳህን ይዛ መጥታ፣ በር ላይ ቆማ ወደ ማዶ አየች። የበረከት ሱቅ ሰልፍ ነበር። ሳህኑን አስቀምጣ ሄደች።

ከበዓሉ በኋላ ሽማግሌዎች ገቡ። የተቀመጡት የእኔ ሱቅ ውስጥ ስለሆነ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ተካ ካሳ አልጠየቀም። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገው፤ በረከት በዚያው ማጉያ፣ አንድ ቀን ብቻ፣ «የተካ ዕቃ ማንንም አላሳመመም» ብሎ ይናገርለት።

በረከት መሬት መሬት እያየ፣ «ጋሽ ተካ አባቴ ነው፤ በክፉ ስሙን አንስቼ አላውቅም። ለሕዝብ ጤና ብዬ ነው እንጂ» አለ።

«ጥሩ፤ ታዲያ ይህንኑ ተናገርለት» አሉት አንደኛው ሽማግሌ።

«እሺ አባቴ። ነገ እናገራለሁ።»

ተነሡ፣ ተቃቀፉ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ለስላሳ ተጠጣ። በማግስቱ ማጉያው «እሽግ ነው! የሰው ጆሮ ያልገባ!» እያለ ዋለ። ተካ ወንበሩን በር ላይ አውጥቶ እስኪመሽ ጠበቀ። ሽማግሌዎቹን ሄጄ ብጠይቃቸው፣ «ታርቀዋል እኮ፤ እንግዲህ ነገር አትቆስቁሺ» አሉኝ። የኛ እርቅ እንዲህ ነው። እውነቱ ሳይወጣ ሰላም ይወርዳል፤ ሰላሙን ደግሞ የሚሸከመው ያው የተበደለው ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ለተካ አልነጋለትም።

ሱቁን ለቀቀ። ስሙ ወዳልጎደፈበት ወደ ቤሌ መሄድ ጀመረ፤ በገበያ ቀን ዕቃውን በሻንጣ ይዞ በጠዋቱ አውቶቡስ ይሳፈራል። አንዳንዴ ሲመለስ ብቅ ይላል። ከስቶ ነበር። ያም ሆኖ ፊቱ በርቶ፣ «የቤሌ ሰው አዳማጭ ነው አስቱ፤ ገበሬው ሳይቀር ዘነበችን ይሰማታል» ይለኛል። አውቃለሁ፤ ያን የሚለው እኔ እንዳላዝን ነው። ሰው በሃምሳ ዓመቱ ተወልዶ ያደገበትን ከተማ ትቶ ሻንጣ ተሸክሞ ገበያ ለገበያ ሲዞር ልቡ ይሰበራል። ደም ብዛት አሉ። እኔ በሽታውን በሌላ ስሙ ነው የማውቀው።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑን ያስተከለው በረከት ነው። ከሁሉም በላይ የጮኸውም እሱ ነው፤ «አባቴ! አስተማሪዬ!» እያለ ደረቱን ደቃ። ከተካ በር ጆሯቸውን ይዘው ያልፉ የነበሩት ሁሉ ተሰልፈው፣ ስለ ቅንነቱ፣ ስለ እውነተኛነቱ አወሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። በሕይወት እያለ ከእነዚህ ምስክሮች ሁለቱ እንኳ ቢቆሙለት ቤሌ ምን ያደርሰው ነበር? እንባዬ እንኳ ከንዴቴ ብዛት አልወጣ አለ።

ከአርባው በኋላ ዘነበች ሱቄ መጣች። ጥቁር ልብሷ ሰፍቷት ነበር፤ ላጥብብልሽ ብላት እጄን ያዘችኝ።

«በረከት ቤት መጥቶ ነበር» አለች።

«ምን ፈልጎ?»

«የተካን ስም። የድሮውን ሱቁን ሊከራየው ነው፤ ታፔላው ላይ ‹ተካ› ብሎ ሊጽፍ። ቤሌም፣ ዲምቱም፣ ገጠሩ ሁሉ በስሙ ይጠይቃል አለኝ።»

ብልጭ አለብኝ። «እና አባረርሽው አይደል?»

የጥቁር ልብሷን ጠርዝ ማስተካከል ጀመረች።

«ዘኒ፣ አባረርሽው በይኝ።»

«ልጆቹን ትምህርት ቤት እኔ አስተምራለሁ አለ። በሽማግሌ ፊት ፈረመ።» ቀና ብላ አየችኝ። «አስቴር፣ አትቆጪኝ። ስሙን ይዤ ምን ላድርገው? ሲኖር ስሙን አጥፍተው ሱቁን አዘጉት፤ ሲሞት ስሙ ዋጋ አወጣ። እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግሁት?»

ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ግን ተውኩት። ልጆቹ የእሷ ናቸው፤ እኔ ክር ብቻ ነው ያለኝ። ቀሚሷን ተቀብዬ በጎንና በጎን አጠበብኩላት።

ታፔላው ተሰቀለ። በረከት አሁን ከቺፕውዱ ማዶ ነው። ጠረጴዛ በር ላይ አውጥቷል፣ የመሞከሪያ ማዳመጫ ደርድሯል፣ ማጉያው ደግሞ «ሳይሰሙ አይግዙ! በነፃ ሞክረው ይምረጡ!» ይላል። ሰዉ ተሰልፎ በየተራ ጆሮው ውስጥ ይከታል፤ ስለ በሽታ የሚያነሳ የለም። ሲያስነጥስ «ይማርህ» አልለውም። እሱም ነገሬ አላለውም።

ባለፈው ቅዳሜ ከገጠር የመጣ አንድ ወጣት ታፔላውን ፊደል በፊደል አንብቦ ጨርሶ፣ በር ላይ ቆሞ አንገቱን አሰገገና፣ በወላይትኛ ሰላምታ ሰጥቶ በተሰባበረ አማርኛ ጠየቀ።

«ሳሮ! ጋሽ ተካ የሚባለው ሰው አለች? ቤሌ ገበያ ወንድሜ ከሱ ገዝቶ ነበረ። እሱ ሰው አያታልልም፣ ሶዶ ሂድና ስሙን ጥራ ብሎኝ ነው።»

መኪናዬን አቆምኩ።

«ጋሽ ተካ!» አለ ልጁ ደግሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«አቤት!» አለ በረከት። «እኔ ነኝ፤ ግባ፣ ግባ።»